አሥራ አንድ ወር ደጃፍ ላይ

አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ለሠፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቀስ» ነበር። ሥራው መስታወት መግጠም ስለሆነ፣ ትልቅ መስታወት ይዞ በመንገድ ሲያልፍ ከሩቁ «ቀስ! ቀስ በሉ! ቀስ!» እያለ ነው የሚመጣው፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። አዲስ ሰው ሠፈራችን ሲገባ «ቄስ» የተባለ እየመሰለው፣ «አባቴ፣ ለልጄ ይጸልዩልኝ» ብሎ ሱቁ ድረስ የመጣ አለ። አባዬም እየሳቀ «እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ቀስ ነኝ። ለጸሎት ከሆነ ሁለት ቤት አልፈህ ሰባኪውን ጠይቅ። ለመስኮት ከሆነ ግን ግባ» ይለው ነበር።

ሱቁ ጠባብ ነበረች። በግራ በኩል መስታወቶቹ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መሃል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። መቁረጫው ጫፉ ላይ የአልማዝ ፍንጣሪ ያለበት፣ ከእርሳስ የማይበልጥ ነገር ነው። አባዬ መስታወቱን አንድ ጊዜ ብቻ ይጭረዋል፤ አይደግመውም። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ያስጠጋና በሁለት እጁ ጫን ሲለው «ቀጭ» ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ስቱኮውን፣ ማለትም መስታወቱን ከመስኮቱ እንጨት ጋር የሚያጣብቀውን ነጭ ሊጥ፣ በአውራ ጣቱ እየዳመጠ ሲያስገባ መዝሙር ያንጎራጉራል። ድምፁ ግን አይጣል ነው። እናቴ «ጌታ ልብን ስለሚያይ ነው እንጂ ጆሮውንስ አደንቁረኸዋል» ትለው ነበር።

እሑድ እሑድ የጸሎት ቤቱን በር የሚከፍተው፣ አግዳሚ ወንበሮቹን የሚያስተካክለው፣ የቀረ ሰው ካለ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄዶ «ምነው ጠፋህ» የሚለው እሱ ነበር። ብዙ አይናገርም። ሰባኪው የልጅነት ጓደኛው ነበሩ፤ አንድ መንገድ ላይ ኳስ ተጫውተው፣ አንድ ቀን ተጠምቀው ያደጉ። ሰው ስለ ሃይማኖት ሊከራከር ሱቁ ሲመጣ አባዬ «እሱን ለጓደኛዬ ተውለት፤ እኔ የማውቀው ወንበር መደርደር ነው» ይል ነበር።

ዘመኑ ሲከፋ መጀመሪያ ላይ የእኛ ቤት የተጠቀመ መሰለ። እዚህም እዚያም በሚፈነዳው ቦምብ የተነሳ በሠፈሩ ሙሉ መስኮት ያለው ቤት ጠፋ። አባዬ ከጠዋት እስከ ማታ መሰላል ላይ ነው። ቆይቶ ግን ሰው መስታወት ማስገጠሙን ተወ፤ ነገ ለሚሰበረው ምን አደከመኝ እያለ ካርቶንና ላስቲክ መለጠፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት ጸሎት ቤቶች ታሸጉ። ምክንያቱን የነገረን የለም። በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በቃ።

ሰባኪው ምእመኑን አሥር አሥር አድርገው ከፋፈሉና በየቤቱ መሰብሰብ ጀመርን። የእኛ ቡድን የሚገናኘው ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሥራ መውጫ በኋላ፣ በአንድ ነርስ እናት ቤት ነበር። ነርሱ በጤና ጣቢያው የሚሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሠፈሩ የሚወደው ልጅ ነው። መርፌ ሲወጋ ሰውን በጨዋታ ያዘናጋል፤ «ይቺን ነገ ነው የምወጋሽ» ብሎ ሳይጨርስ ወግቶ ጨርሷል። እናቱ ባላቸውን ቀብረው በእሱ ብቻ የቀሩ ሴት ናቸው፤ እኛ ወጣቶቹ «እማማ» እንላቸዋለን። እንደገባን ሬድዮኑን ከፍ አድርገው ይከፍቱታል፤ እኛ ከሥሩ በሹክሹክታ እንዘምራለን። ሬድዮኑ ስለ እህል ምርት ያወራል፣ እኛ እናመሰግናለን። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ይደባለቁና ሳቃችን ያመልጠናል።

አንድ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከጸጥታ ጽሕፈት ቤት ሰው መጣና አባዬን «አንድ መስኮት ተሰብሮብናል፣ ናና ግጠም» አለው። አባዬ ለካ፣ ቆረጠ፣ መስታወቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ሄደ። መስኮቱ የእውነት ተሰብሮ ነበር። የቆየውን ስቱኮ ፋቀ፣ አዲሱን መስታወት አስገባ፣ ዙሪያውን አለሰለሰ። ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲጠራርግ ነው ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሹም «እጅህ ይባረክ። አሁን ደግሞ ቁጭ በል» ያለው።

ሦስት ቀን አቆዩት። አልመቱትም። ይህን በኋላ ደጋግሞ ተናግሮታል፤ «አንድ ጥፊ እንኳ አልቀመስኩም» እያለ፣ ያ ይበልጥ የሚያሳፍረው ይመስል። በመጀመሪያው ቀን የት እንደምንሰበሰብ ጠየቁት፤ ዝም አለ። በሁለተኛውም ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ሹሙ ስለ ስብሰባው ምንም ሳያነሳ እንዲህ አለው፦ «ልጅህ ያቺን ሰማያዊ ሹራብ በጣም ነው የምትወዳት፣ አይደል? መጋዘን ቤት ነው ጸሐፊነት የምትሠራው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣና በወፍጮ ቤቱ በኩል ታቋርጣለች። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ንገራት እንጂ።»

አባዬ ቀኑንና ቤቱን ተናገረ። ወረቀት አቀረቡለት፤ ፈረመ።

ልጁ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስለዚህ ነገር ግን ለአራት ዓመት ምንም አላወቅኩም።

ቅዳሜ ዕለት ለቀቁት። ቤት ሲገባ እናቴ አልቅሳ ልታቅፈው ስትል «ቆይ፣ ቆሽሻለሁ» ብሎ አለፋትና ቧንቧው ጋ ሄዶ እጁን ብዙ ታጠበ። ምን ጠየቁህ ብንለው «ስለ መስታወት» አለ። እሑድ ከአልጋው አልወረደም። ሰኞም ሱቁን አልከፈተም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ «ትንሽ አየር ልቀበል» ብሎ ወጣና ሳይቆይ ተመለሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ትኩሳት አለኝ ብሎ ተጠቅልሎ ተኛ። እናቴና እኔ እሱን ትተን መሄድ አልሆነልንምና በዚያ ቀን ከስብሰባው ቀረን።

እማማ ቤት ሬድዮኑ ከፍ ብሎ እንደተከፈተ የጸጥታ ሰዎች በሩን ገንጥለው ገቡ። ስድስት ሰው ወሰዱ፤ ሰባኪውን፣ ነርሱንና ሌሎች አራት። እማማን «አንቺ አሮጊት፣ ቁጭ በይ» ብለው ተዉአቸው። አራቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተለቀቁ። ሰባኪውና ነርሱ ግን ወደ ሩቅ እስር ቤት ተወሰዱ።

ከዚያ ወዲያ አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። ማዕድ ላይ ሁልጊዜ የሚጸልየው እሱ ነበር፤ አሁን አንገቱን ሰብሮ እናቴን «አንቺ ጸልዪ» ይላታል። ማንጎራጎሩን ተወ። እኛ ግን ዘመኑ ነው አልን፤ ያን ጊዜ ማን ይዘፍን ነበር? የሰባኪውን ባለቤት ሳይጠሩት እየሄደ የተሰበረውን ሁሉ ይሠራላቸዋል። መስኮት፣ የበር ማጠፊያ፣ የሚያንጠባጥብ ጣራ። እሳቸውም በሩ ላይ ቆመው «ጌታ ይባርክህ፣ ዘመድ ማለት እንዳንተ ነው» ሲሉት፣ ጥግ ዞሮ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስመልስ አንድ ጎረቤት አይታዋለች። የበላሁት ነው አላት።

በሁለተኛው ዓመት ነርሱ እስር ቤት ውስጥ በበሽታ ሞተ። ሌሎችን ሲያስታምም ነው የያዘው አሉ። አስከሬኑን ሰጡን። አባዬ ሣጥኑን ከፊት በኩል ተሸከመ። እማማ መቃብሩ ዳር ቆመው ሳለ የወደቁት አባዬ ትከሻ ላይ ነበር። ትከሻው ላይ አለቀሱ፤ ኮቱ በእንባ ረጠበ። እሱ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ ቆመ እንጂ እጁን አንስቶ አልደገፋቸውም። እኔ ያን ጊዜ ታዝቤዋለሁ፤ ምን ዓይነት ልብ ነው ብዬ።

ዘመኑ ደግሞ እንዳመጣጡ ሄደ። የጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ተዘጋ፣ ሹሞቹ ጠፉ፣ እስረኞች በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። ሰባኪው ከአራት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ። ወፍራም ሰው ነበሩ፤ አሁን ኮታቸው ሌላ ሰው አስገብተው ሊቆልፉት የሚችሉት ያህል ሰፍቷቸው ነበር። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። ሠፈሩ ሁሉ ሊጠይቃቸው ሄደ፤ አባዬ ብቻ አልሄደም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ራሳቸው መጡ። እኔ ለአባዬ ቁርሱን ላደርስ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። አባዬ መስታወት እየጫረ ነው። «እንዴት አደርክ፣ ጋሽ ቀስ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ እጁ ተንሸራተተ፤ መስመሩ ተጣመመ። በሕይወቴ ሲጣመምበት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ።

«ትቆይ፤ ልጅ አይደለችም» አሉ ሰባኪው፣ በሩን ተደግፈው።

አባዬ መቁረጫውን አስቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አለ፤ ለእኔም ብዙ አልተሰማኝም። ሰባኪው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «በዚህ በኩል ደንቁሬአለሁ፤ በዚያኛው በኩል ዙርና ንገረኝ» አሉት። አባዬ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ አጠገባቸው ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መድገም ነበረበት።

«እኔ ነኝ የጠቆምኳችሁ። ቤቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፈርሜአለሁ።»

ከውጭ ሰው ያልፋል፤ አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችና አለፈች። እኔ የያዝኩትን ሳህን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

«አውቃለሁ» አሉ ሰባኪው። «በገባን በሁለተኛው ቀን ፊርማህን አሳዩኝ። ያቺን የተንጋደደች ፊርማህን የትም አውቃታለሁ።»

አባዬ የመስታወት ማሸጊያ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «ታውቅ ነበር? አራት ዓመት ሙሉ? ታዲያ ባለቤትህ ልትጠይቅህ ስትመጣ እንዴት ሳትነግራት?»

«ብነግራት መስኮቷን ማን ይሠራላት ነበር?»

አባዬ አልሳቀም። ሰባኪውም የሳቁትን ሳቅ ወዲያው ዋጡና አጠገቡ መሬት ላይ፣ ፍንጣሪውን በእግራቸው ጠርገው ተቀመጡ።

«አልዋሽህም» አሉት። «መጀመሪያ ላይ አንተን ሳስብ ጥርሴን ነበር የማፋጨው። እንዳልጠላህ ብዬ በየጠዋቱ ስምህን አንስቼ መጸለይ ጀመርኩ። ጠጠር እንደማኘክ ነበር። ቃሉ ከአፌ ይወጣል፣ ልቤ ግን ‹ይድፋው› ይላል። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲሁ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስምህን ስጠራ ጠጠሩ የለም። እኔ አልተፋሁትም፤ ጎበዝ ሆኜ ያመጣሁት ነገርም አይደለም። ተወሰደልኝ። አንድ ሰው ተኝቼ ሳለሁ ገብቶ ከአፌ ያወጣው ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ እኔን ማመስገን የለብህም።»

«ምታኝ» አለ አባዬ። «ስደበኝ እንኳ። አንድ ነገር አድርገኝ እንጂ እንዲህ ብለህ አትሂድ።»

«ዘብ አድርገህ ልትቀጥረኝ ነው የምትፈልገው፤ አንተ ታስረህ እኔ በር ልጠብቅ? እስር ቤት በቃኝ፣ ወንድሜ። እንደ እስረኛም እንደ ዘብም አልመለስም።» ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ልጅህን እንዳነሱብህም አውቃለሁ። እኔን ሲመረምሩ በጨዋታ መሃል ነገሩኝ።»

አባዬ ድንገት ተቆጣ። «እሱን አታንሳ! ምክንያት አልፈልግም።»

ያወቅኩት እንዲህ ነው። ያች ሰማያዊ ሹራብ እስከዚያ ቀን ድረስ እለብሳት ነበር።

ሰባኪው ሊሄዱ ሲነሱ አባዬ ልብሳቸውን ያዘ። «የሞተውስ?» አለ። «የልጁስ ነገር?»

ሰባኪው የያዛቸውን እጅ በእጃቸው ሸፈኑት። «የራሴን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «የእናቱን ግን እኔ ይቅር ልልልህ አልችልም፤ የእኔ አይደለም። ራስህ ትሄዳለህ። መቼ እንደምትሄድ አልነግርህም፤ ብቻ ሳትሄድ እንዳታረጅ።»

ከሰዓት በኋላውኑ ሄደ። እኔም ተከተልኩት፤ ተመለሽ ቢለኝም እንቢ አልኩ። እማማ ግቢያቸው ውስጥ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው ድንች እየላጡ ነበር። አባዬ ቆሞ ነገራቸው። ሳያሳጥርና ሳያስረዝም፣ ከመስኮቱ ጀምሮ እስከ ፊርማው። ስለ እኔ አንድ ቃል አላነሳም። እሳቸው መላጡን አላቆሙም፤ ልጣጩ በእጃቸው ሥር ረጅም ሆኖ ይወርዳል።

«ማክሰኞ ዕለት» አለ አባዬ፣ «ከሰዓት በኋላ ልነግርዎ መጥቼ ነበር። በርዎ ድረስ። የበሩን ብረት ይዤ ነበር። ከዚያ የሚያየኝ ያለ መሰለኝና ተመለስኩ።»

እዚህ ላይ ቢላዋው ቆመ።

«በሬ ድረስ መጣህ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ልጄ ቤት ነበር። ተኝቶ ነበር፤ ማታውን ሥራ አድሮ።»

አባዬ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሣጥኑን የተሸከምከው አንተ ነህ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «ያለቀስኩት አንተ ትከሻ ላይ ነው።»

«አዎ።»

«ውጣ» አሉት። አልጮሁም። «ከፊቴ ውጣ።»

በሚቀጥለው እሑድ ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። አባዬ በጉባኤው ፊት ቆሞ ያደረገውን ተናገረ። ሦስት ቤተሰብ ተነሥቶ ወጣ። አንድ ሰው «ከሃዲ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው እኛን፣ እናቴንና እኔን፣ እያየ ሊተፋው ያለውን ምራቅ ዋጠ። እማማ ከፊት ወንበር ሳይነሡ «እሱ ካለበት እኔ አልገባም» አሉ። ሰባኪው ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ቆመው ሳለ አባዬ ኮፍያውን አነሣና ወጣ። ቤት ይሄዳል ብለን ነበር። እሱ ግን ደጃፉ ደረጃ ላይ፣ በተከፈተው መስኮት ሥር ተቀመጠ።

እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ወር ቆየ። ሁልጊዜ እንደ ድሮው ከሁሉም በፊት መጥቶ ወንበሮቹን ይደረድራል፣ ሰው መምጣት ሲጀምር ይወጣና ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ፀሐዩም ዝናቡም እዚያው ነው። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን አብራው ደጅ ትቀመጥ ነበር፤ እሱ ነው «ግቢ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» ብሎ ያስገባት። ሰባኪው ወጥተው ሲለምኑት «እሳቸው ይግቡ። ለእኔ ከዚህም ይሰማኛል» ይላል።

የቅዱስ ቁርባኑ ቀን ሲደርስ ሰባኪው ለምእመኑ አደሉና፣ ኅብስቱንና ጽዋውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። እኔ በመስኮቱ በኩል አያቸዋለሁ።

«አልወስድም» አለ አባዬ። «አይገባኝም።»

«ለእኔስ መች ገባኝ?» አሉ ሰባኪው። «ይኸው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን እበላለሁ። ውሰድ እባክህ። እስር ቤት ከጣራ ሲያንጠለጥሉኝ ከከረሙ ወዲህ ይህ ክንዴ ብዙ አይቆምልኝም።»

ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አባዬ አየው። ከዚያ ጽዋው እንዳይፈስ ብሎ፣ ወድቆ የሚሰበር ነገር እንደሚይዝ ሰው፣ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ከአራት ዓመት በላይ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። ያን ቀን እየበላ አለቀሰ፣ ንፍጡ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ወደ ደጅ ተወሰደለት፤ ማንም ምንም አላለም። እማማም ከፊት ወንበር ሆነው ሰባኪው ወጥተው እስኪመለሱ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ።

በእነዚያ ወራት እኔም ከአባዬ ጋር የራሴ ነገር ነበረኝ። አንድ ጠዋት ሱቁ ሄጄ «ስለ እኔ ብለህ ነው ያደረግከው። እኔ ባልኖር ነርሱ በሕይወት ይኖር ነበር» አልኩት። ስቱኮ እያሸ ነበር። እጁን ሳያጥብ ፊቴን በሁለት መዳፉ ያዘ። «ስሚ» አለኝ። «እነሱ አንቺን አነሱ፤ የፈራሁት ግን እኔ ነኝ። ለፍርሃቴ የአንቺን ስም ልሰጠው አልችልም። አንቺ ደግሞ ወስደሽ እንዳትለብሺው። በቅዳሜና በማክሰኞ መካከል ስንት ሰዓት ነበረኝ? ያ ሁሉ ሰዓት የእኔ ነው።» ጉንጬ ላይ ነጭ ስቱኮ ተለጥፎ ቀረ። ያለኝን አምኜ ለመቀበል ብዙ ዓመት ወሰደብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም የሚያቅተኝ ቀን አለ።

በአሥራ አንደኛው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ሰማዩ ተቀዶ ይዘንብ ጀመር። እማማ እግራቸውን ያማቸዋልና ዘግይተው፣ ጃንጥላቸውን ነፋስ ገልብጦባቸው መጡ። አባዬ ራሱ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ደፍቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ውኃው ከከረጢቱ በአንገቱ ይወርዳል። እሳቸውን ሲያይ ሊያሳልፋቸው ተነሥቶ ወደ ጎን ቆመ። መዝሙር ተጀምሮ ነበር። እማማ አለፉት፣ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ፣ ዞሩ።

«ሳንባህን ልትገድለው ነው?» አሉት።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ደህናስ አይደለህም፤ ስታስል ከውስጥ እሰማሃለሁ። ስብከቱን ሁሉ ታስልበታለህ።» የተገለበጠውን ጃንጥላቸውን አጠፉ። «ልጄ ሰው ዝናብ ላይ አይተውም ነበር። ስለዚህ ግባ። ላንተ ብዬ አይደለም።»

አባዬ አልተንቀሳቀሰም። አልገባኝም ያለ ይመስል ያያቸዋል።

«ግባ እንጂ፤ እኔም እኮ እየረጠብኩ ነው!» አሉ እማማ።

ገባ። ከሁሉም ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ከሥሩ ውኃ ኩሬ ሠራ። መዝሙሩ አልቆመም፤ ሰባኪው ግን ቃሉ ጠፍቶባቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ወጥተው ከነበሩት ሦስት ቤተሰቦች ሁለቱ ከጊዜ በኋላ ተመለሱ። አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ልወቅሳቸው አልችልም።

አባዬ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ማንጎራጎሩን ጀመረ፤ እናቴም ጆሮዋን ይዛ ማማረሯን። ሳንባው ግን ያኔ የጀመረው ነገር አልለቀቀውም። ሆስፒታል በተኛበት የመጨረሻ ሳምንት እማማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ነርስ የነበረው ልጃቸው ያደርግ እንደነበረው፣ ትራሱን ከፍ፣ ብርድ ልብሱን ዝቅ አደረጉ። ሾርባውን በማንኪያ ሲሰጡት «ትኩስ ነው» አለ። «አንተ መቼም ቀስ ማለት ትወዳለህ» አሉና እፍ አሉበት። በክፍሉ ካሉት በሽተኞች አንዱ እህቱ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝና አዎ አልኩት። አባዬ ሐሙስ ጠዋት፣ እናቴ እጁን እንደያዘች፣ ዐረፈ።

እማማ ዛሬ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ፀጉራቸውን አጥብላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ፣ ሳሙናውን እያለቀለቅኩ፣ አባዬን ይቅር ያሉት በዚያች የዝናብ ቀን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ምን የዝናብ ቀን?» አሉኝ። «ያን ቀን ያሳዘነኝ ሳሉ ነው። ይቅርታን አንድ ቀን የምትሰጪው ነገር አድርገሽ ታስቢያለሽ እንዴ? እኔ ጠዋት ይቅር እላለሁ፣ ከሰዓት መልሼ እወስዳለሁ። ‹በሬ ድረስ መጥቶ› ስል እንደገና ይነደኛል። ከዚያ ወደ ጌታ እሄድና ‹ዛሬም ባዶ እጄን ነኝ፤ ያንተን አበድረኝ› እለዋለሁ። እስከ አሁን እንቢ አላለኝም።»

አንዳንድ ቅዳሜ ስሄድ በሩን ከፍተውልኝ ሰላም ሳይሉኝ ይመለሳሉ። ፊታቸውን ሳይ ይገባኛል። «ልሂድ፣ እማማ? ሌላ ቀን ልምጣ?» እላቸዋለሁ።

«ዛሬ ከባድ ነው» ይሉኛል፣ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ። «ግቢ፤ ውኃው ይቀዘቅዛል።»